ተረቱን የሚመልሱ አንባቢዎች

አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ባውም በተረቱ የፈጠራትን አገር፣ የኦዝን በር እ.ኤ.አ. በ1910 ሊዘጋው ቆርጦ ነበር። በስድስተኛው መጽሐፉ መጨረሻ ደጓ ጠንቋይ ግሊንዳ አገሪቱን ከሰው ዐይን ትሰውራታለች፤ ዶሮቲም ከእንግዲህ ከኦዝ ወሬ እንደማይሰማ ጽፋ ትሰናበታለች። ባውም ሌላ ዓይነት ተረት መጻፍ አምሮት ነበር።

አንባቢዎቹ ልጆች ግን አልለቀቁትም።

«ድንቁ የኦዝ አስማተኛ» ቺካጎ ላይ የታተመው በ1900 ነው። የካንሳሷ ዶሮቲ ከነቤቷ በአውሎ ነፋስ ተነጥቃ ኦዝ ታርፋለች፤ አእምሮ የሚመኝ ማስፈራርቾ፣ ልብ የሚመኝ ቆርቆሮ እንጨት ቆራጭና ወኔ የጎደለው አንበሳ ተከትለዋት ወደ መረግድ ከተማ ትጓዛለች። ታሪኩ እዚያው አልቆ ነበር። ከዚያ ግን ደብዳቤ መጣ። ማስፈራርቾውስ? ዶሮቲስ መቼ ትመለሳለች? ባውም ጥያቄዎቹን በየመቅድሙ እየጠቀሰ፣ በየመጽሐፉ መለሰላቸው።

ከ1910ሩ ስንብት በኋላ ያወጣቸው መጻሕፍት እንደ ኦዝ አልተሸጡም፤ በ1911 መክሰሩን በሕግ አሳወቀ። ወደ ኦዝ ለመመለስ ዕዳው መገፋፋቱ አይቀርም። ወደ ተሰወረች አገር የሚያስገባውን መንገድ ያገኘለት ግን አንድ ልጅ ነው፦ ከዶሮቲ ጋር ለምን በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ አንገናኝም? በዚያ ዘመን ሽቦ አልባ ራሱ አስማት ይመስል ነበር። ባውም ሐሳቡን ተቀብሎ በ1913 ተረቱን ቀጠለ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ጥልቁ ስለ ቆርቆሮው ሰው የተጠየቀው ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ሥጋ ለባሽ ነበር፤ አስማት የተደረገበት መጥረቢያው እጅ እግሩን በየተራ ሲቆርጠው አንድ ቀጥቃጭ በቆርቆሮ ይተካለታል፤ በመጨረሻ ልቡም ሲሄድ ያጫትን ልጅ መውደድ ያቅተዋል። ልጆቹ ታዲያ ያቺ እጮኛ ምን ሆነች ብለው ደጋግመው ጠየቁ። አዋቂ አንባቢ ሳያያት የሚያልፋትን ሴት እነሱ አልረሷትም። መልሱ በ1918 መጣ፦ ቆርቆሮው ሰው ፈልጎ ያገኛታል፤ እሷ ግን አግብታለች። ባሏ ደግሞ የቆርቆሮው ሰው የተጣሉ የሥጋ አካላት ከሌላ ሰው አካላት ጋር ተገጣጥመው የተሠራ ሰው ነው። እሷም ኑሮዋን ስለለመደችው ከቤቴ ሂዱልኝ ትላለች። ለልጆች ተብለው በተጻፉ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ደፋር መልስ ብዙ አይገኝም።

ባውም በ1919 ሲሞት ተረቱን ሌሎች ተረከቡት። ሩት ፕላምሊ ቶምሰን ከ1921 እስከ 1939 ድረስ 19 የኦዝ መጻሕፍት ጻፈች። የሒሳብ መምህሩ አሌክሳንደር ቮልኮቭ በ1939 ሞስኮ ላይ ዶሮቲን ኤሊ ብሎ ታሪኩን በሩሲያኛ እንደገና ተረከው፤ በኋላም የራሱን ተከታዮች አወጣለት።

ደራሲው ግሪጎሪ ማጓየር ግን የጠየቀው ስለ ክፉዋ ጠንቋይ ነው። በ1900ው መጽሐፍ ይህች ሴት ስም እንኳ የላትም፤ የዶሮቲን አንድ የብር ጫማ አታልላ ስትወስድ ልጅቱ በንዴት ባልዲ ውሃ ትደፋባትና ሟሙታ ትቀራለች። ማጓየር በ1995 «ዊክድ» በተባለው ልቦለዱ ልጅነትና ቁጣዋን፣ የቆመችለትንም ዓላማ ጻፈላት። መጽሐፉ በ2003 ብሮድዌይ ላይ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ በ2024 ደግሞ ፊልም ሆነ። ማጓየር ለጠንቋይዋ ስም ሲፈልግላት የባውምን የሙሉ ስም መነሻ ፊደላት ኤል፣ ኤፍ፣ ቢን ወሰደና ኤልፋባ አላት።