ከቀይ በታች፣ ከሐምራዊ ወዲያ

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር ያልፋል። «የኮምቦልቻ ፀሐይ ከደሴው ይበረታል» ማለት የተለመደ ነው። ስለ ሙቀቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ስለ ጨረሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለምን እንደሚገለበጥ ለመረዳት ሁለት የላቲን ባዕድ መነሻዎች ይጠቅሙናል፦ ኢንፍራና አልትራ።

«ኢንፍራ» ከአንድ ነገር በታች፣ «አልትራ» ከአንድ ነገር ወዲያ ያለውን ያመለክታል። ነፍሰ ጡሮች የሚታዩበት አልትራሳውንድ ጆሯችን ሊሰማ ከሚችለው ወሰን፣ በሴኮንድ ከ20,000 ንዝረት ወዲያ ባለ ድምፅ ይሠራል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የቆመበት መንገድ፣ ውኃና መብራት ደግሞ ኢንፍራስትራክቸር ነው፤ «መሠረተ ልማት» ብሎ የተረጎመው ሰው «ኢንፍራ» በደንብ ገብቶታል።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አለፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ሙቀቱ ጨመረ። በዓመቱ ዮሐን ሪተር በሌላው ጫፍ፣ ከሐምራዊው ወዲያ፣ ብርሃን የሚያጠቁረው የብር ጨው ከሁሉም ቦታ ፈጥኖ ሲጠቁር አየ። ቀይ በንዝረት ዝቅተኛው ስለሆነ የፊተኛው ኢንፍራሬድ፣ ሐምራዊ ከፍተኛው ስለሆነ የኋለኛው አልትራቫዮሌት ተባሉ።

ኢንፍራሬድን ቆዳችን እንደ ሙቀት ያውቀዋል። አልትራቫዮሌት ግን አይሰማም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ይቀዘቅዛልም፣ አልትራቫዮሌትን የማጣራት አቅሙም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ ከጦሳ ተራራ ሥር በርዶት ፀሐይ የሚሞቅ ደሴዬ፣ የሰማዩ ጥራት እኩል በሆነ ቀን፣ ኮምቦልቻ ላይ ጥላ ከሚፈልገው ሰው 6 በመቶ ያህል የበለጠ አልትራቫዮሌት ያገኘዋል። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ልትሆን ትቃረባለች፤ የጨረሩ መነሻ መጠን ራሱ ብዙ ነው።

ጥቁር ቆዳ ራሱን ከጨረሩ ብዙ ይከላከላል፣ ለዓይን ግን አይደርስለትም። በአገራችን የዓይነ ስውርነት ዋና መንስኤ የሆነውን የዓይን ሞራ ከሚያባብሱት አንዱ ይኸው ጨረር ነው። ሰፊ ባርኔጣና ጃንጥላ ጥሩ መከላከያ ናቸው። መነጽር ሲገዛ ግን ጥቁረቱ ብቻ መታየት የለበትም፤ ማጣሪያ የሌለው ጥቁር መስታወት የዓይን ብሌንን አስፍቶ ጨረሩን የበለጠ ያስገባል። መታየት ያለበት እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን አልትራቫዮሌት እንደሚከለክል የሚገልጸው ምልክት ነው።