ለሃምሳ ሰው ጌጡ፦ አረጋውያን በቤታቸው እንዲኖሩ ፊዚክስ ምን ይላል?

«ጡረታ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ዛሬ ቃሉ ሲነሣ ወርኃዊው አበል ቢታወሰንም፣ መነሻው አቅም ያነሰውን ሰው መያዝና መደገፍ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ የጡረታ አበል የለውም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው አገር ምርታማ በመሆኑም፣ አብዛኛው አካባቢ በ1997 ዓ.ም ከተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውጭ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ምድሩ አምራች መሆኑ በላዩ የሚኖሩትን አረጋውያን ጉልበት አይመልስም። ልጆቻቸው ወደ ከተማ የሄዱባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መሬታቸውን በእኩል አሳርሰው እህል ቢያገኙ እንኳ፣ ውኃ የሚቀዳላቸው ካጡ ጎጇቸውን ዘግተው ወደ ዘመድ ቤት ለመሄድ ይገደዳሉ።

ለመሆኑ አንድን አረጋዊ ከቤቱ የሚያስወጣው ምን ያህል የአቅም ጉድለት ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ መነጽር እንመለከታለን።

ክብደታቸው 50 ኪሎ ግራም የሆነ አንዲት እናት እንውሰድ። ምንጩ ከደጃቸው 30 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል እንበል። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን አዝለው ዳገቱን ሲወጡ፣ 70 ኪሎ ግራም የሚሆን ክብደት 30 ሜትር ሽቅብ ያነሣሉ፤ ይህም 21 ኪሎ ጁል ገደማ የሚሆን ሥራ ነው። ጡንቻ ከሚጠቀመው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ያህል ስለሆነ፣ ሰውነታቸው ወደ 84 ኪሎ ጁል ወይም 20 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ይህን ለመተካት ከአንድ ወይም ከሁለት ጉርሻ የበለጠ አያስፈልግም። እንግዲህ እኒህ እናት ያጡት የምግብ ኃይል አይደለም።

ችግሩ ያለው በአንድ ጊዜ በሚያርፈው ጭነት ላይ ነው። ስንራመድ በየእርምጃው መላ ክብደታችን በአንድ እግር ላይ ይወድቃል። ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ሰውነታችን የክብደት መስመር ያለው ርቀት፣ ዳሌን ደግፎ ከሚይዘው ጡንቻ ርቀት ሁለት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ እንደ ሚዛን ዘንግ ሁሉ፣ በአጭሩ በኩል ያለው ጡንቻ ሁለት እጥፍ መሳብ ይኖርበታል፤ መገጣጠሚያው ደግሞ የሁለቱን ድምር፣ ማለትም የክብደቱን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሸከማል። በጀርባ የታዘለው 20 ኪሎ ግራም በዳሌ ላይ 60 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ይጨምራል ማለት ነው። ለወጣት ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ጡንቻው ለሳሳ ሰው ግን ሊያልፈው የማይችል ወሰን ነው።

ይኸው ሕግ መፍትሔውንም ያመለክታል። 5 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን አራት ጊዜ መመላለስ በጠቅላላው ብዙ ያደክማል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጨመረውን ጫና ግን ወደ አንድ አራተኛ ያወርደዋል። ምርኩዝም እንዲሁ ጥቅሙ የሚጎላው ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ነው። እጅ ከዳሌው ራቅ ስለሚል፣ በምርኩዙ ላይ የሚደረግ ትንሽ ግፊት ከጡንቻው ብዙ ያቃልላል።

ሁለተኛው ጠላት መውደቅ ነው። ከዳሌ ከፍታ፣ ማለትም ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ በነጻ የሚወድቅ አካል በ0.4 ሴኮንድ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 4 ሜትር ይሆናል። በዚህ ቅጽበት ውስጥ መደናቀፍን አውቆ እግርን መዘርጋት ለአረጋዊ እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ መከላከያው አስቀድሞ ማየት ነው። ይሁን እንጂ የዓይን ብሌን ስለሚጠብና ሌንሱ ስለሚደበዝዝ፣ የ60 ዓመት ሰው ረቲና የሚያገኘው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። የብርሃን ድምቀት በርቀት ካሬ መጠን ስለሚቀንስ፣ አነስተኛ የፀሐይ መብራትን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ማቅረብ ድምቀቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል። መብራቱን ከምሰሶ አውርዶ በመኝታውና በበሩ ደፍ አጠገብ መስቀል አንድ ጎረቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሚጎድለው ድጋፍ በመጠኑ ትንሽ፣ በአዘወታሪነቱ ግን ጥብቅ መሆኑን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን 20 ሊትር ውኃ ገደማ ያስፈልጋል ይላል። 30 አባወራ ባለው ዕድር ውስጥ ተራ ቢወጣ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው በወር አንድ ጀሪካን ነው! አገራችን ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ገበሬው በደቦና በወንፈል ያርሳል፣ ያጭዳል፤ ዕድርተኛውም ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ ያስተዛዝናል። በ2003 ዓ.ም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የጥቂት ጥቂት መዋጮ ብልሃት ነው። ታዲያ ለቀብር የሚፈለጠው እንጨት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ለምድጃቸው ቢደርስ ምን ይከፋል? በ2015 ዓ.ም በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ፣ መንገድ ተዘግቶ በከተማ ያሉ ልጆች መድረስ ባልቻሉበት ቀን የሚቀረው ደራሽ ጎረቤት ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ያልሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በአረጋውያን ላይ ደግሞ ይህ ይፈጥናል። ስለዚህ ሁሉን ሠርቶላቸው «አርፈው ይቀመጡ» ማለት አክብሮት ቢመስልም አቅማቸውን ይበላል። ጎረቤት ትልቁን ጀሪካን ያምጣ፤ በትንሹ መቅዳት፣ ደጃቸውን መጥረግ፣ ቡናቸውን ማፍላት ግን ለእርሳቸው ይተው። ከወሰናቸው በላይ የሆነውን ብቻ ማንሣት በገዛ ቤታቸው አዛዥ ሆነው እንዲኖሩ ያስችላቸዋል።

አባቶቻችን ይህን የጭነት ክፍፍል ሕግ ያለ ቀመር ያውቁት ነበር፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።