የጭሮ ጠበቃ ፈቃድ እስከ የት ይሻገራል?

በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በመሰላ ወረዳ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ የሚሟገት ጠበቃ፣ ጉዳዩ በይግባኝ ጭሮ ወዳለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድ ፈቃዱ አብሮት ሊሄድ ይችላል። አዲስ አበባ መጥቶ በፌዴራል ፍርድ ቤት ልቁም ካለ ግን የኦሮሚያ ፈቃዱ አይበቃውም፤ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ሌላ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። በገዛ አገሩ ድንበር ያለው ወረቀት ባሕር ማዶ ሲደርስ እንደገና ቢመዘን አያስደንቅም።

የዛሬዋን ጭሮ፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሩሲያ ሄደው የተማሩት የመድፈኛ ትምህርት ነበር። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ግን እርሳቸው ናቸው። ያኔ የውጭ ትምህርትን የሚመዝኑት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ዛሬ እያንዳንዱ አገር የየራሱ ሚዛን አለው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያስቡት ኒውዮርክን ነው። የግዛቲቱ ደንብ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የትምህርቱ ዘመን መብቃቱንና ትምህርቱ ኮመን ሎው በሚባለው የእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት ላይ መመሥረቱን። በመጀመሪያው የአምስት ዓመቱ ድግሪያችን አያሳፍርም። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። የአዲስ አበባው የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር፤ የሚማሩት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ነው። ስለዚህ አመልካቹ በአሜሪካ ዕውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት ተምሮ ጉድለቱን ይሞላል። ይህ ማስተካከያ ከሁለቱ ጉድለቶች አንዱን ብቻ ነው የሚሞላው፤ ሁለቱም የጎደሉበት ሰው በዚህ መንገድ አያልፍም። ከዚያ የሁለት ቀን የባር ፈተና፣ የሥነ ምግባር ፈተናና የ50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት ይከተላሉ።

ካሊፎርኒያ በአገሩ ፈቃድ ያወጣን ጠበቃ ተጨማሪ ትምህርት ሳያስገድድ ለፈተና ያስቀምጣል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት እዚሁ ፈቃድ ማውጣት ዋጋ አለው፤ ይህን ቀድሞ የሚነግራቸው ቢያገኙ ብዙዎች ዓመታት ባልባከኑባቸው ነበር። እንግሊዝ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶሊሲተር ለሚባሉት ጠበቆች ፈተና አላት፤ በውጭ ፈቃድ ላለው ጠበቃ የሁለት ዓመቱን የሥራ ልምምድ ግዴታ አታደርግበትም። ካናዳ በብሔራዊ ኮሚቴዋ ፋይሉን መርምራ የጎደለውን ትምህርት ወይም ፈተና ታዛለች።

ከፈተናው ይልቅ ሰው የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። ኒውዮርክ ትራንስክሪፕት የምትቀበለው ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ሲላክላት ነው፤ በእጅ የተያዘ ቅጂ፣ ማኅተም ቢኖረውም፣ አይጠቅምም። የሐረርጌ ልጅ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ጭሮ ራሷ በቁቤ በ«ሲ»፣ በእንግሊዝኛ በ«ሲኤች» ትጻፋለች። ጫልቱ የተባለች ጠበቃም በክልል ሰነዷ በአንዱ፣ በፓስፖርቷ በሌላው ፊደል ብትጻፍ ያው አንድ ሰው መሆኗን ማስረዳት ሊኖርባት ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የፈቃድ ማስረጃም መተርጎምና መረጋገጥ አለበት። ሬጅስትራሩ ዘንድ በእግር መድረስ በሚቻልበት ጊዜ ስሙን አንድ ማድረግ፣ በኋላ ከዋሽንግተን በስልክ ከመለመን እጅግ ይቀላል።

የባር ፈተናው እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ ሚኒስቴሩ ለራሱም ሲፈቅድለት፣ ጠበቃ ሳይሆን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው መወከል ይችላል፤ ሙሉ ፈቃድ ካገኘ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ይቆማል። ቋንቋውንና አገሩን የሚያውቅ የሕግ ሰው እዚያ በጣም ይፈለጋል።