የደጋ ማለዳና አልነሣም ያለ መኪና

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ከፍ ብላ በምትገኘው በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት አገሮች፣ ማታ ደኅና ሲሠራ ያመሸ መኪና ማለዳ አልነሣም ሲል የብዙዎች መልስ «ብርዱ ነው» የሚል ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑንና ዋናውን ምክንያት በሥርዐት ፈልጎ ማግኘት የሚቻል መሆኑን ማስረዳት ነው፡፡

በመሠረቱ ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፡፡ እነርሱም የሚያዞረው ኃይል፣ የታመቀ አየር ከነዳጅ ጋራ፣ እንዲሁም እሳት ናቸው፡፡ በቤንዚን ሞተር እሳቱን የሚሰጠው ካንዴላ ሲሆን፣ በናፍታ ሞተር ግን አየሩ ራሱ ታምቆ ሲግል ነዳጁን ያቀጣጥለዋል፡፡ ብርድ የሞተሩን ዘይት ያወፍረዋል፤ ባትሪም በዜሮ ዲግሪ ከኃይሉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ያንሳል፡፡ ዳሩ ግን ደኅነኛ መኪና ይህን ሁሉ ችሎ ይነሣል፡፡ ስለዚህ ብርዱ የቆየውን ጉድለት ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም፡፡

ጉድለቱን ለማግኘት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ መጠየቅ ያሻል፡፡

1ኛ/ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይዞራልን? ጸጥ ካለ፣ ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለ ወይም እየከበደው ቀስ ብሎ ከዞረ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ ቁልፉን እንደገና ማዞር ነው፡፡ መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ገመዱ ከባትሪው ራስ ጋራ በደንብ አልተገናኘም፡፡ መብራቱ ሳይለወጥ ሞተሩ ካልዞረ ግን ጥርጣሬው በሞተሪኖውና ወደ እርሱ በሚሄደው ገመድ ላይ ይሆናል፡፡ አድሮ የተለካ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ካሳየ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል፡፡ በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ያን ማጽዳት ይገባል፡፡

2ኛ/ ሞተሩ በደንብ እየዞረ አልነሣ ካለ ነዳጅ ይደርሰዋልን? የናፍታ መኪና ሲሆን ረዳቱ ማርሚታውን ይመልከት፡፡ ምንም ጢስ ካልወጣ ነዳጁ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊልትሮውና የነዳጁ መስመር ይመርመሩ፡፡ ነጭ ጢስ ከወጣ ነዳጁ ደርሶ አልተቃጠለም፤ ማሞቂያው አልሠራም ወይም እመቃው ደክሟል፡፡ ባለ ካርቡራተር የሆነ የቤንዚን መኪና ሲሆን የቤንዚን ሽታ ከበዛ፣ ነጂው ፔዳሉን ደጋግሞ በመርገጡ ካንዴላዎቹ ርሰው ይሆናል፡፡ አየሩ በሳሳበት አገር ይህ ስሕተት ቶሎ ይደርሳል፡፡

በዚህ አገር የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ ይኸውም መኪናውን ቁልቁለት ላይ ማሳደርና ጎማውን በድንጋይ ማስደገፍ ነው፡፡ ማለዳ ድንጋዩ ይነሣል፤ መኪናውም ሲንደረደር ማርሽ ገብቶለት ይነሣል፡፡ ይህ ዘዴ ራሱ ምርመራ ነው፡፡ በቁልፍ እንቢ ብሎ በመንደርደር የተነሣ መኪና ነዳጁና እሳቱ ደኅና መሆናቸውን፣ ሕመሙም በባትሪው ወይም በሞተሪኖው በኩል መሆኑን መስክሯል፡፡ ብዙ ነጂዎች ግን ምስክርነቱን ሳይሰሙ ዘዴውን እንደ መድኃኒት አድርገው ለወራት ይኖሩበታል፡፡ ይህም ሁለት አደጋ አለበት፡፡ አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በሚንደረደር መኪና ላይ የፍሬኑና የመሪው አጋዥ ኃይል ስለማይሠራ ፍሬኑ ይጠነክራል፣ መሪውም ይከብዳል፡፡ ሁለተኛ፣ ነዳጁ ጥቂት ሲሆን ቁልቁለቱ ነዳጁን ወደ አንድ ወገን ስለሚሰበስበው መሳቢያው አየር ሊስብ፣ ለመጀመሪያው ጉድለት ሌላ ጉድለት ሊጨምርበት ይችላል፡፡

ከሁሉም በላይ ሕመምተኛ ወይም ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ከጋይንት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ቆሞ አይገኝም፡፡ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚገፋው ሰው ባይኖር፣ ማለዳ ማለዳ ሲነገር ያልተሰማው ጉድለት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፡፡ ስለዚህ መኪና በግፊት በተነሣበት በዚያው ቀን፣ ሳይውል ሳያድር፣ ምክንያቱ ተፈልጎ መገኘት አለበት እንላለን፡፡