ከጣሪያ ላይ ስለሚሰቀለው ዲሽና ስለ አቅጣጫው
(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ከፍ ያለ ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚሁ ነገር ምክንያት እግራቸው የተሰበረ ሰው ስለማውቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ብትሰጡኝ አትጸጸቱም ብዬ አምናለሁ። ነገሩም የቴሌቪዥን ዲሽን ከማይመች ሥፍራ ላይ ሰቅሎ ወደ ሳተላይቱ ስለ ማቅናት ነው።

እግራቸው የተሰበረው አጎቴ ናቸው። በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ፣ ዲሻቸው ተሰቅሎ የነበረው ከቆርቆሮው ጫፍ፣ ቤታቸውን ከጎረቤት ግንብ ከሚለየው ጠባብ ክፍተት በላይ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ቢያዛባባቸው መሰላል አቁመው ወጡ። አክስቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «መጣ! ሄደ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እርሳቸው ደግሞ ነፋሱ ድምፁን ስለ ወሰደባቸው «ምን አልሽ?» ለማለት ጐንበስ አሉ። ቆርቆሮው አዳለጣቸውና ወደቁ። አክስቴ እስከ ዛሬ ሲያወሩ፣ «በዚያች ሰዓት እኮ ሥዕሉ መጥቶ ነበር» ይላሉ።

እኔም በገና ሰሞን ሄጄ ልጠይቃቸው በገባሁ ጊዜ፣ አጎቴ እግራቸውን በትራስ ላይ አኑረው፣ ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተሸፍኖ አገኘኋቸው። በጄሶ ስለ ታሰረው እግራቸው ብዙ አልተናገሩም። ያማረሩት ዜና ካዩ አንድ ወር እንደ ሆናቸው ነው። ሥራው ለእኔ ደረሰ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ዲሹ የሚመለከተው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሰው ሠራሽ አካል ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ከምትዞርበት ጊዜ ጋር እኩል ስለ ሆነ፣ ከታች ሆኖ ለሚመለከተው በሰማይ ላይ በአንድ ነጥብ ተቸንክሮ የቆመ ይመስላል። ዲሹን አንድ ጊዜ አቅንቶ ለዓመታት መተው የሚቻለውም ስለዚህ ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ለመቆም የመጀመሪያው ሲንኮም 3 ሲሆን፣ በነሐሴ 1956 ዓ.ም. ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. የቶኪዮን የኦሊምፒክ ጨዋታ ወደ አሜሪካ አስተላልፏል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘበት ጨዋታ መሆኑ ነው። በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ደግሞ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ።

ወደ ዋጃ ልመለስ። የአገራችን ጣቢያዎች አብዛኞቹ ለብዙ ዓመታት ይተላለፉ የነበሩት በናይልሳት በኩል ነበር። የናይልሳት ቦታ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሉክሰምበርጉ ኩባንያ ከኤስ ኢ ኤስ ጋር ባደረገው ስምምነት ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ተቋቁሞ፣ ጣቢያዎቹ ወደ ኤን ኤስ ኤስ 12 ተዛወሩ። ይህ ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛል። ስለዚህ ቀድሞ ወደ ምዕራብ ይመለከት የነበረው የአገሩ ዲሽ ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞር ግድ ሆነበት።

ይህ መዞር አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን ከፍታንም የለወጠ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዋጃ ሆኖ ለሚመለከት ናይልሳት የሚገኘው በምዕራብ፣ ከአድማሱ በላይ በ35 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። አዲሱ ግን በደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት አድልቶ፣ ከሰሜን ሲቈጠር በ124 ዲግሪ አቅጣጫ፣ በ65 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ወደ አናት የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሰዎችም አቅጣጫው 116፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። ከዲሹ በላይ 3 ሜትር ከፍ ያለ ግንብ በሳተላይቱ አቅጣጫ ቢኖር፣ በናይልሳት ጊዜ ከግንቡ ከ4 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልግ ነበር። ጠባብ ግቢ ያለው ሰው ይህን ስለማያገኝ ጣሪያ ላይ ወጣ። ለዛሬው ሳተላይት ግን 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር፣ የዲሹን ስፋት ጨምረን ብንቈጥር 2 ሜትር ይበቃል። አጎቴ ጣሪያ ላይ የወጡት እንግዲህ የማያስፈልግ ልማድ ይዟቸው ነው። የዞብል ተራራም ቢሆን ከዚያ ከፍታ አይደርስም፤ የሚያሰጋው የጎረቤት የማንጎ ዛፍ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ዲሹን ከጣሪያ ማውረድ ነው። ከማድ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ከግንቡ ራቅ ብሎ፣ ቁመቱ ከወገብ የማይበልጥ የብረት ምሰሶ በሲሚንቶ አስተከልን።

ምሰሶው ከደረቀ በኋላ ቱንቢ ጣልሁበት። ይህን ነገር የሚንቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ አንደኛ አደርገዋለሁ። በዲሹ ማሰሪያ ላይ የተቀረጸው የከፍታ ቍጥር የሚታመነው ምሰሶው ቀጥ ብሎ ሲቆም ብቻ ነውና። ምሰሶው ከተጣመመ ዲሹ ወደ ጎን በዞረ ቍጥር ከፍታውም አብሮ ይለወጣል፤ ሰውየውም አንዱን ሲያቃና ሌላውን ሲያጠፋ ይውላል።

ሁለተኛው፣ ከፍታውን በ65 ላይ አጥብቆ ማሰር ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ አጥርቶ የሚያየው የሰማይ ክፍል ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በከፍታ በኩል አንድ ዲግሪ መሳት የዲሹን አፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ 16 ሚሊ ሜትር ማዘንበል ነው፤ ይህችም ሥዕሉን ለማጥፋት ትበቃለች። ወደ ጎን በኩል ግን ሳተላይቱ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ስሕተቱ ከግማሽ በታች ይቀንሳል። ስለዚህ በአገራችን ከፍታውን በጥንቃቄ፣ አቅጣጫውን በትዕግሥት መያዝ ነው። በነገራችን ላይ፣ በየቤቱ የምናየው ሞላላው ዲሽ ማዕበሉን የሚቀበለው ፊቱ ከሚያመለክተው ከፍ ካለ ሥፍራ ስለ ሆነ፣ የዞብልን ጫፍ ብቻ የሚያይ መስሎ ቢታያችሁ አትታለሉ። አንድ ጎረቤት መጥቶ «ይህማ መሬት ነው የሚያየው» ብሎ ሊያቀናልን ሲነሣ በግድ ነው የያዝነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ኤል ኤን ቢ የተባለው ዕቃ ነው። ማዕበሉ ተዘቅዝቆ ስለሚደርሰን ዕቃውም አብሮ መዘንበል አለበት። ከዲሹ ጀርባ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ የሚመለከት ሰው በዋጃ ኤል ኤን ቢውን ከሰዓት ቈጣሪ ተቃራኒ በ54 ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል። በናይልሳት ጊዜ መዞሪያው በሌላው ጎን ነበር፤ ዲሹን አዙረው ኤል ኤን ቢውን እንደ ነበረ የተዉ ሰዎች ግማሹን ጣቢያ ሲያጡ ሳተላይቱን ይወቅሳሉ።

ይህ ሁሉ በመሬት ላይ ካለቀ የሚቀረው አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ጎን ማዞር። ለዚህ ኮምፓስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከቆርቆሮና ከብረት ምሰሶ አጠገብ ሲይዙት ይሳሳታልና ራቅ ብሎ መለካት ያሻል። እኔ ኮምፓስ አልያዝሁም ነበር። ጊዜው ገና በመሆኑ ግን ማለዳ ተነሥቼ ፀሐይ የወጣችበትን ነጥብ አየሁ፤ ክንዴን ዘርግቼ ከዚያ ነጥብ አንድ ጭብጥ ወደ ደቡብ ለካሁ። የተዘረጋ ክንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን፣ ይህ ከ124 ብዙ አይርቅም።

ከዚያ በኋላ ጩኸት አላስፈለገንም። አክስቴ የእጅ ስልካቸውን ካሜራ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው ያዙልኝ፤ እኔም በስልኬ ሪሲቨሩ የሚያሳየውን ሁለቱን መለኪያ ተመለከትሁ። ከሁለቱ «ኃይል» የሚለው ኬብሉና ኤል ኤን ቢው በሕይወት መኖራቸውን ብቻ ስለሚናገር፣ ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ሲመለከትም ከፍ ሊል ይችላል። ዓይን የሚጣልበት «ጥራት» የሚለው ነው። ሪሲቨሩ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ አንድ ጣት ያህል አዙሮ፣ እስከ ሦስት ቈጥሮ፣ እንደ ገና ማዞር ነው። በአራተኛው ላይ ጥራቱ ከዜሮ ተነሣ።

ግቢ የሌለው፣ ከፎቅ ላይ የሚኖር፣ ወይም ዛፉ መፈናፈኛ የነሣው ሰው ጣሪያ መውጣቱ አይቀርለትም። እርሱም ቢሆን ምሰሶውን ብቻ አስቀድሞ ተክሎ፣ ከፍታውንና ኤል ኤን ቢውን ከታች አስተካክሎ ቢወጣ፣ ከላይ የሚቈየው ጊዜ አጭር ይሆንለታል። የራያ ቆርቆሮ በቀትር እጅ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላም ነፋስ ይነሣልና ማለዳ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ፣ ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ከማይደርስበት ርቀት መትከል ነው። ኬብሉን ሲያያይዙም ሪሲቨሩ ከሶኬቱ ይነቀል።

ቦታ ለመምረጥ ደግሞ አንድ ቀላል ፈተና አለ። በመስቀል ማግሥት ሰሞን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ እንዲሁም በመጋቢት 6 ሰሞን 5 ሰዓት ከ10 ገደማ፣ ፀሐይ ከዋጃ ሲታይ በሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። በዚያች ሰዓት ጥላ ያልወደቀበት ሥፍራ ሁሉ ሳተላይቱን ያያል ማለት ነው። በዚያችው ሰዓት ደግሞ የፀሐይ ጨረር የሳተላይቱን ድምፅ ስለሚውጠው ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቋረጣል፤ ይህም ጥቂት ቀን በተከታታይ ይደጋገማል።

ባለፈው መስቀል ይህንኑ ባለመንገሬ ተወቀስሁ። አጎቴ ከዋጃ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ ዲሽህ ዛሬም ዞረ፤ መፍቻውን ይዤ አጠገቡ ቆሜአለሁ» አሉኝ። ሰዓቱን ብጠይቃቸው ለ5 ሰዓት ጥቂት እንደ ጎደለ ነገሩኝ። እባክዎን መፍቻውን ያስቀምጡና ስልኩን ሳይዘጉ ይቈዩ አልኋቸው። ስለ አዝመራውና ስለ ማሽላው ዋጋ ስንጨዋወት ቈየን። ከዚያም የአክስቴ ድምፅ ከቤት ውስጥ ተሰማ፤ «መጣ!» ይላሉ።