የአውሎ ነፋሱ ቀኝና ግራ

ባሕር ላይ የዋለ ሰው ከሚያነባቸው ጽሑፎች ሁሉ እኔ የምወደው ለመርከቦች የሚላከውን የማዕበል ማስጠንቀቂያ ነው። አጭር ነው። ማጋነኛ ቃል የለበትም፤ "አስፈሪ" አይልም፣ "ታይቶ የማይታወቅ" አይልም። አውሎ ነፋሱ በስንት ሰዓት የት እንደነበረ፣ ወዴትና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ነፋሱ ከመሃሉ እስከ ስንት ማይል እንደሚደርስ ይናገርና ያበቃል። የባሕር ጉዞ ታሪክ ሲነገር ኮምፓስ ይነሣል፣ ራዳር ይነሣል፤ ይህን ወረቀት የሚያነሣ ግን የለም። ቅር ይለኛል። ለዚህ ነው ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የተነሣሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

መሠረቱን ቶሎ ብዬ ልለፍ። ሃሪኬን፣ ታይፉንና ሳይክሎን አንድ ናቸው፤ ስማቸው የሚለያየው በተነሡበት ውቅያኖስ ነው። ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከሞቀ ባሕር ነው። ነፋሱ 34 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስም ይሰጣቸዋል። የዓለም ባሕር ለአየር ማስጠንቀቂያ ሲባል በ21 ክልል ተከፍሏል። የእኛ ዕቃ የሚመላለስበት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በፓኪስታን ኃላፊነት ሥር ነው፤ በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣውን ሳይክሎን የሚከታተለውና ስም የሚያወጣለት ደግሞ ኒውዴልሂ ያለው ማዕከል ነው።

እኔ የሬዲዮ መኮንን በነበርኩበት ዘመን ማስጠንቀቂያው የሚመጣው በሞርስ ነበር። በሬዲዮ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ፊቱ ላይ በቀይ የተቀቡ ቦታዎች ነበሩት፤ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃ፣ ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ። በእነዚያ ደቂቃዎች በ500 ኪሎኸርዝ ላይ ማንም መልእክት አይልክም። ሁሉም ዝም ብሎ የተቸገረ መርከብ ይኖር እንደሆነ ያዳምጣል። ጸጥታው ሊያበቃ ሲል ሦስት ረጃጅም ድምፆች በጆሮ ማዳመጫው ከገቡ የደኅንነት መልእክት አለ ማለት ነው፤ እርሳስ ይነሣል፣ ቁጥር በቁጥር ይጻፋል። ከየካቲት 1 ቀን 1999 ጀምሮ አዲሱ የዓለም የባሕር አደጋ ጥሪ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ሞርስም ቀረ፣ የሬዲዮ መኮንንም አብሮ ቀረ። ዛሬ መልእክቱ በሳተላይት መጥቶ ብሪጅ ላይ፣ ማለትም መርከቡ በሚመራበት ክፍል፣ ካለችው ማተሚያ "ሴኩሪቴ" በሚል የደኅንነት መልእክት ምልክት ይወጣል። ለውጡ ትክክል ነው። የደከመ እጅ አንዲት ቁጥር ሊያሳስት ይችላል፣ ማሽኗ ግን አታሳስትም። ያለ ድካም የመጣ ነገር ግን ይናቃል። ወረቀቱ ሳይነበብ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ያየሁበት መርከብ አለ።

ከመስመሮቹ ሁሉ ቀድሞ የሚናቀው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው በግሪኒች አቆጣጠር ነው፤ ወረቀቱ ላይ 06 ካለ አዲስ አበባና ጅቡቲ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አውሎ ነፋሱ እዚያ የነበረው በዚያ ሰዓት ነው፤ ወረቀቱ እጅህ ሲገባ ቦታውን ለቅቋል። ሰዓቱን ሳያይ ቦታውን ካርታ ላይ የሚያኖር መኮንን የትናንቱን ማዕበል ሲሸሽ የዛሬው ውስጥ ይገባል።

ይህ በእውነት ደርሷል። ኤል ፋሮ የምትባለው የአሜሪካ ዕቃ ጫኝ መርከብ በ2015 ከጃክሰንቪል ተነሥታ ወደ ፖርቶ ሪኮ ስትሄድ ሃሪኬን ሆዋኪን መንገዷ ላይ ነበር። ካፒቴኑ ይመለከት የነበረው በኢሜይል የሚደርሰውንና በካርታ ተስሎ የሚመጣውን ትንበያ ነው። ለዓይን ያምራል፤ ውስጡ ያለው መረጃ ግን በሰዓታት ያረጀ ነበር፣ አንደኛው ፋይል እንዲያውም ወደ 21 ሰዓት ገደማ ያስቆጠረ ነው። በዚያው ጊዜ ብሪጅ ላይ ያለችው ማተሚያ ትኩሱን ማስጠንቀቂያ ታወጣ ነበር። በሌሊት ተረኛ የነበሩት መኮንኖች ትኩሱን አንብበው ካፒቴኑን ክፍሉ ድረስ ደወሉለት፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ኋላም ተረኝነቱን የተረከበችው ሌላኛዋ፣ አቅጣጫ ብንቀይርስ ብለው። አልተቀየረም። መርከቧ ጥቅምት 1 ጠዋት ከነ33 ሰዎቿ ሰጠመች። በሚቀጥለው ዓመት የድምፅ መቅጃዋ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ወጣ፤ ይህን ሁሉ ያወቅነው ከዚያ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ለአደጋው ምክንያት ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ ካፒቴኑ ትኩሱን የአየር መረጃ አለመጠቀሙ ነው።

ሰዓቱን ላነበበ ሰው ቀጣዩ መስመር የእኔ ተወዳጅ ነው። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ይጻፋል፦ "34 ኖት ነፋስ፤ ሰሜን ምሥራቅ 120፣ ደቡብ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ ምዕራብ 50፣ ሰሜን ምዕራብ 80።" ቁጥሮቹ የባሕር ማይል ናቸው፤ ያ ነፋስ በየአቅጣጫው ከመሃሉ ቢበዛ እስከ የት እንደሚደርስ ያሳያሉ። አራቱ ቁጥሮች እኩል እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ሰው ሁሉ አውሎ ነፋስን ክብ አድርጎ ይስላል፤ መሃሉ ነጥብ፣ ዙሪያው ቀለበት። ከሳተላይት ሲታይም ክብ ይመስላል። መርከብን በተመለከተ ግን አውሎ ነፋስ ቀኝና ግራ አለው፤ የትኛው ወገን ላይ እንዳለህ ማወቅ የነፋሱን ደረጃ ከማወቅ ይበልጣል።

ቀኝና ግራ የሚባለው ከአውሎ ነፋሱ ኋላ ቆሞ ወደሚሄድበት ለሚያይ ሰው ነው። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ነፋሱ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይሽከረከራል። በቀኙ በኩል ያለው ነፋስ እንግዲህ አውሎ ነፋሱ ራሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይነፍሳል፤ በሚሮጥ ባቡር ውስጥ ወደ ፊት እንደሚራመድ ሰው የራሱ ፍጥነት ከባቡሩ ጋር ይደመርለታል። በግራው ይቀነስበታል። በግርድፉ ሲሰላ፣ የሚሽከረከረው ነፋስ 60 ኖት፣ የአውሎ ነፋሱ ጉዞ 12 ኖት ቢሆን በቀኝ 72፣ በግራ 48 ይሆናል።

ነፋሱ ግን ትንሹ ነገር ነው። በቀኝ በኩል የሚነሣው ማዕበል ከአውሎ ነፋሱ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጓዝ ከሥሩ ቶሎ አይወጣም፤ ነፋሱ እላዩ ላይ እየነፈሰ ለሰዓታት ያሳድገዋል። በግራ የተነሣው በተቃራኒው ስለሚሄድ ሳይጎለምስ ከነፋሱ ያመልጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። በቀኙ የፊት ክፍል ያለ ነፋስ መርከብን የሚገፋው ወደ አውሎ ነፋሱ መንገድ፣ እፊቱ ነው። አውሎ ነፋሱ በተለመደው ጠባዩ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ደግሞ በቀጥታ ወደ መርከቡ ይመጣል። በግራ ያለ ነፋስ ወደ ኋላው ይገፋል። መርከበኞች የቀኙን "አደገኛው ግማሽ"፣ የግራውን "የሚታለፈው ግማሽ" የሚሉት ለዚህ ነው። የሚታለፍ ማለት ደኅና ማለት ነው ብለው ዘና የሚሉ አሉ፤ 48 ኖት ነፋስ ደኅና የሚሆንለት መርከብ የለም። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፣ በማዳጋስካርና በሞሪሺየስ በኩል፣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

ይህን የድሮ ሰዎች ያለ ሳተላይት ይለዩት ነበር። ካልካታ ይኖር የነበረው ሄንሪ ፒዲንግተን በ1848 ለመርከበኞች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ብርሃን ከሚያሳልፍ ቀጭን ቀንድ የተሠሩ ክብ ካርዶች ነበሩ፤ አንዱ ለሰሜኑ፣ ሌላው ለደቡቡ ባሕር። ካርዱ ላይ የነፋሱ አቅጣጫ በቀስት ተስሏል። ካፒቴኑ ካርዱን ካርታው ላይ አኑሮ ቀስቱን እላዩ ከሚነፍሰው ነፋስ ጋር ያገጣጥምና መሃሉ በየት በኩል እንዳለ ያያል። የካርዱ ጉድለት ክብ መሆኑ ነበር፤ የዛሬው ማስጠንቀቂያ ያንን በአራት ቁጥር አርሞታል።

ዘዴው ዛሬም ይሠራል። በሰሜኑ ባሕር ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙረህ ቁም፤ መሃሉ በቀኝህ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነው። ከዚያ ጠብቅ። ነፋሱ አቅጣጫውን በሰዓት ቆጣሪ አዟዟር ከቀየረ በአደገኛው ግማሽ ነህ፣ በተቃራኒው ከቀየረ በሌላው። ሳይቀየር ባሮሜትሩ ብቻ ከወረደ እመንገዱ ላይ ቆመሃል። ወጣት መኮንኖች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። ይህ ልኬት መርከቡ ቆሞ ወይም እጅግ ቀስ ብሎ ሳለ የሚወሰድ ነው፤ አውሎ ነፋሱን ከኋላ እየደረሰበት ያለ መርከብ ግልባጩን ያያል። ነፋሱም እውነተኛው ነፋስ መሆን አለበት፣ መርከቡ ራሱ በመሮጡ ፊት ላይ የሚያመጣው አይደለም።

ወደ ጎረቤታችን ባሕር ልምጣ። በግንቦት 2018 ሳይክሎን ሳጋር በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በ19ኛው ቀን ሶማሌላንድ የብስ ረገጠ፤ ጅቡቲም በዝናቡ ተጥለቀለቀች። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ መዝገብ እስከዚያ ድረስ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የረገጠ አልነበረም። ወደ ምዕራብ ለሚሄድ አውሎ ነፋስ ቀኙ ሰሜን፣ የየመን ወገን ነው። ከምሥራቅ ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ በዚያ ወገን ቢገኝ ነፋሱ ከኋላው ይሆንለታል፤ መርከቡ ይፈጥናል፣ ጉዞው የቀና ይመስላል። ያ ምቹ ነፋስ ግን ወደ አውሎ ነፋሱ ፊት የሚነዳው ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ደግሞ ጠባብ ነው፣ ሸሽተው የሚዞሩበት እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ቦታ የለም። ከባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ተመርቀው በየባሕሩ የሚሠሩ ልጆቻችን በብዛት ሞተር ክፍል ናቸውና ይህ የብሪጅ ጉዳይ ነው ይሉ ይሆናል። በአደገኛው ግማሽ ማምለጫው ሞተር ነው፤ ሥራው የእነሱም ነው።

ስለ ማዕበል ቁመት አንድ ነገር ብቻ። "6 ሜትር" ሲባል ከማዕበሎቹ መካከል የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጥፍ የሚጠጋ ብቻውን ሊመጣ ይችላል፤ እሱን ሳይጠብቅ ሰው ወደ ደክ የሚያወጣ መኮንን ጥፋተኛ ነው። በየቴሌግራሙ የሚዘዋወረውን እንደ ቀንድ እየሰፋ የሚሄድ ሥዕል ደግሞ እባካችሁ የአውሎ ነፋሱ መጠን ነው አትበሉ። መሃሉ ሊሄድበት የሚችለውን ስፋት ነው የሚያሳየው፤ ነፋሱ ከዚያ ውጭም ይደርሳል። መርከበኛ ለትንበያ ስሕተት ለ24 ሰዓቱ 100፣ ለ48 ሰዓቱ 200፣ ለ72 ሰዓቱ 300 የባሕር ማይል በ34 ኖቱ ስፋት ላይ ደምሮ ከዚያ ክልል ይርቃል።

ማስጠንቀቂያው መልስም ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት ማስጠንቀቂያ ያልደረሰበት፣ በመርከበኞች የነፋስ መለኪያ 10ኛ ደረጃና ከዚያ በላይ የሆነ ነፋስ ያጋጠመው ካፒቴን ለሌሎች ማሳወቅ ግዴታው ነው። በፈቃዳቸው የሚመዘግቡ መርከቦችም በ00፣ 06፣ 12 እና 18 ሰዓት ነፋሱን፣ ማዕበሉንና ባሮሜትሩን ይልካሉ። ትንበያው በተሻለ ቁጥር መርከቦች ስለሚሸሹ ከዳር የሚላክ ንባብ ብርቅ ሆኗል። በሞቃት ባሕር ባሮሜትር በቀን ሁለት ጊዜ ወጣ ገባ ይላል፤ ያንን አስቀርቶ ከወቅቱ መደበኛ 3 ሚሊባር ዝቅ ካለ መጠርጠር፣ 5 ከሞላ አውሎ ነፋስ ቅርብ ነው ብሎ መሥራት ያስፈልጋል። በዚያ ሰዓት ብሪጅ ላይ ያለው ተረኛ ንባቡን በየሰዓቱ ይመዝግበው፣ ይላከውም። በሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ አራቱን ቁጥሮች ለሚያወጣው ባለሙያ የእሱ ንባብ ከቦታው የመጣ ብቸኛ መረጃ ሊሆን ይችላል።