የከፈልንበት ጌም ለምን ተቆለፈ?

መካነ ሰላም ውስጥ የአክስቴ ልጅ ትንሽ ጌም ቤት አለው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ማሽን፣ ግድግዳ የተጠጋ አግዳሚ ወንበር። ሕጉ በየከተማው የምታውቁት ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ተረኛ ይገባል። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስሄድ አንዱን ማሽን ጨርቅ ለብሶ አገኘሁት።

«ተበላሸ እንዴ?»

«ምንም አልሆነ። ኔትወርክ ስለሌለ ነው።»

ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚጫወቱት የኳስ ጌም ኔትወርክ ምን ያደርጋል? ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆነ። አንደኛው ማሽን የሚሠራው በዲስክ ነው። ሁለተኛው ላይ ያሉት ጌሞች ደሴ ሄዶ ያስጫናቸው ናቸው፤ በግልጽ አማርኛ የተሰረቁ ቅጂዎች። የሦስተኛውን ጌም ግን ውጭ ሀገር ያለች እህቱ በካርዷ ከፍላ ከኦንላይን መደብር ገዝታለታለች። ኔትወርክ ሲጠፋ የቆመው ይሄ የተከፈለበት ብቻ ነው።

«የተሰረቀው ይሠራል፣ የከፈልንበት ተቆለፈ። አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? አስረዳኛ!» አለኝ። ያን ቀን በቅጡ አላስረዳሁትም። የዘገየውን መልስ ለእናንተም ይሆናል ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ይዞታ እና ባለቤትነት

በዲስክ የመጣ ጌም ስትገዙ ፕላስቲኩ የእናንተ ነው። ታውሱታላችሁ፣ ትሸጡታላችሁ፣ ሲሰለቻችሁ ለታናሽ ወንድማችሁ ትሰጡታላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ላይ ባለቤትነትን የሚገልጸው በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር የሚችል ከሁሉም የሰፋ መብት አድርጎ ነው። «ግዙፍ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የሚጨበጥ፣ የሚዳሰስ ለማለት ነው። ከኦንላይን የወረደ ጌም አይጨበጥም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ሁላችንም ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የምናልፈው ረጅም ውል ነው። ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ጌሙ አልተሸጠላችሁም፣ እንድትጠቀሙበት ፈቃድ ተሰጣችሁ ነው።

ይህን ልዩነት ለመረዳት የወሎ ገበሬ ልጅ ሕግ መማር አያስፈልገውም። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለው የመሬት ደብተር ምን ይላል? ባለይዞታ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው። ያርሳል፣ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ መሸጥ ግን አይችልም። እንግዲህ ከኦንላይን የተገዛ ጌም እንደ ይዞታ ነው ልላችሁ ነበር፤ ሳስበው ግን ከይዞታም ያንሳል። ስቲም የሚባለውን ትልቁን የኮምፒውተር ጌም መደብር ውሰዱ። ውሉ አካውንትን መሸጥም ለሌላ ሰው ማስተላለፍም ይከለክላል። አባት ለልጁ መሬት ማውረስ ይችላል፣ የጌም ስብስቡን ግን አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ቢያንስ ቃሉን ለማስተካከል ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ጸድቆ በጥር 2025 ሥራ ላይ የዋለ ሕጓ መደብሮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ሳይናገሩ «ግዛ» የሚል ቁልፍ እንዳያስቀምጡ ይከለክላል። እኛ ጋ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የአንድ ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ግን እዩት፣ የሚለው «ባለቤት» ነው። ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው የቅጂ ባለቤት ነው ወይ? ሕግ የምታጠኑ ካላችሁ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣዋል።

ቁልፉ ያለው የት ነው?

ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። የወረደው ጌም በማሽኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ሙሉ በሙሉ አለ። አንድም ነገር አልጎደለውም። የጎደለው ማሽኑ «ክፈት» እንዲል የሚያደርገው ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የሚጽፈው የኩባንያው ሰርቨር ነው፤ «ይህ አካውንት፣ በዚህ ማሽን ላይ፣ ይህን ጌም መጫወት ይችላል» ይልና ማኅተም ይመታበታል። የማኅተሙ ብልሃት ሒሳብ ነው። 61ን በ53 አባዙ፤ 3,233 ይመጣል፣ ደቂቃም አይፈጅም። አሁን ደግሞ 3,233 የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ የማያውቅ ጓደኛችሁን ጠይቁት፤ ይቸገራል። ቁጥሩ 617 አኃዝ ሲኖረው ዛሬ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ተባብረውም ወደ ኋላ መመለስ አይችሉም። አርኤስኤ የሚባለው ዘዴ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ትልቁን ቁጥር ማንም ያውቀዋል፣ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን ለማየትም እሱ ይበቃል። ማኅተሙን ለመምታት ግን ሁለቱን ትንንሽ ቁጥሮች ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነሱ ያሉት ኩባንያው ዘንድ ነው።

የእህትየውና የወንድምየው ችግር የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ አካውንት አንድ «ዋና ማሽን» ይኖረዋል። ዋናው ማሽን ደብዳቤውን ቤቱ አስቀምጦ ያለ ኔትወርክም ይከፍታል። ሌላው ማሽን ግን ጌሙ በተነሣ ቁጥር ሰርቨሩን መጠየቅ አለበት። ዋና ተብሎ የተመዘገበው እሷ ቤት ያለው ነበር። የተሰረቀው ቅጂስ? እሱማ ጠያቂው ክፍል ተቆርጦለት ነው የመጣው፤ ደብዳቤ የሚባል ነገር አያውቅም። ቁልፉ የሚያስቸግረው የከፈለውን ሰው ብቻ ነው ማለት ነው። (ጌም ቤት ውስጥ በሰው አካውንት ማጫወቱን ራሱ ውሉ ይወደዋል ብዬ አልምልም። ያ ሌላ ጭቅጭቅ ነው።)

ዲስክ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ፒኤስ 4 የተሰማውን ልንገራችሁ። ማሽኑ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ ሥራዋ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ማሽኑ ሰዓቱን ለማረጋገጥ የሶኒን ኔትወርክ ይጠይቅ ነበር፤ መልስ ካላገኘ ዲስክ እንኳ ቢገባበት ጌም አይከፍትም። ሶኒ በዚያው ዓመት 9.00 በተባለው ዝመና አስተካከለው። ያገለገለ ፒኤስ 4 የምትገዙ ከሆነ ዝመናው ከዚህ በታች አለመሆኑን እዩ። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለምታስታውሱ ይህ የወሬ ጉዳይ አይደለም።

ሰርቨሩ ለዘላለም ሲዘጋ

እስካሁን ያልነው ኔትወርክ ሲመለስ የሚመለስ ነገር ነው። የማይመለስም አለ። ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ውድድር ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። አሠሪው ዩቢሶፍት መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰርቨሩን ዘጋው። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኝ መግባት ስለማይችል፣ ዲስኩ ያለውም ያወረደውም እኩል ባዶ እጁን ቀረ። ሁለት የካሊፎርኒያ ተጫዋቾች ከሰሱ፤ የኩባንያው መልስ የገዛችሁት ለመጠቀም የተገደበ ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም የሚል ነበር።

ሮስ ስኮት የተባለ ዩቲዩበር በዚሁ ምክንያት «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ጥያቄው ሰርቨሩን ለዘላለም ክፈቱ አይደለም፤ ስትዘጉ ተጫዋቹ በራሱ የሚያስኬድበትን መንገድ ትታችሁ ሂዱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አገኘ። ከኢንጂነሪንግ አንጻር ጥያቄው የማይቻል አይደለም፣ ነፃም አይደለም። ጌሙ ሲነደፍ ታስቦበት ከሆነ ቀላል ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጨምረው ማለት ግን የቤት መሠረት እንደገና እንደመቆፈር ነው።

ሕጋዊ መብት ያጣ ተጫዋች እጁ ላይ የሚቀረው ኮከብ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፒኤስኤን አካውንት እንዲያያይዙ አዘዘ። ፒኤስኤን በይፋ የማይሠራባቸው ሀገራት ብዙ ናቸው፤ ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ከ170 በላይ ሀገራትና ግዛቶች ላይ ጌሙ ከስቲም መሸጫ ተነሣ። ተጫዋቾች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ መጥፎ አስተያየት ጻፉ፣ ሶኒም ትእዛዙን አነሣ። እነዚያ አስተያየቶች ጌሙ መጥፎ ነው ማለት አልነበሩም። አቤቱታ ነበሩ።

ስለዚህ ቁጥር ስታዩ ምን እንደሚቆጥር ጠይቁ። ከጌም ወደ ቴሌቪዥን የመጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ሁለተኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲታይ፣ ሮተን ቶማቶስ ላይ የሃያሲያን ውጤት ከ90 በመቶ በላይ፣ የተመልካች ደግሞ ከ50 በታች ነበር። ጌሙን የሚወዱ ሰዎች «ሃያሲ ተገዝቷል» አሉ፣ ሌሎች «ተመልካቹ ዘመቻ ላይ ነው» አሉ። ዘመቻም ይኖርበታል። ግን መጀመሪያ ሒሳቡን እዩት። መቶኛው አማካይ ነጥብ አይደለም፤ «ወድጄዋለሁ» ያሉት ሰዎች ድርሻ ነው። ለሃያሲ ከ10 ስድስት መስጠት አብዛኛውን ጊዜ እንደ መውደድ ይቆጠራል። ለተመልካች ግን ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ካልሞላ አይቆጠርም። መቶ ሃያሲና መቶ ተመልካች ሁሉም «ከ10 ስድስት» ቢሉ፣ አንዱ ወገን ላይ 100፣ ሌላው ላይ 0 ይጻፋል። ሳይጣሉ የተጣሉ ይመስላሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ ጌሙ ዳታ ተዘግቶ ይከፈታል ወይ? ጂኦጂ የሚባለው መደብር ለምሳሌ ያለ ኔትወርክ የሚጫን ፋይል ይሰጣል፤ ፍላሽ ላይ ካስቀመጣችሁት መደብሩ ነገ ቢዘጋም ከእናንተ ጋር ነው። ስልካችሁ ላይም ሞክሩት፤ በረራ ላይ አድርጋችሁ አንድ በአንድ ክፈቷቸው። ከፍላችሁባቸው የማይከፈቱትን ስታዩ ትገረማላችሁ።

የአክስቴ ልጅ ማሽኑን በጆንያ ጠቅልሎ በአቀስታ በኩል ደሴ ይዞት መጣ። ዋይፋይ ያለበት ቤት ቁጭ ብለን እህቱ ጋ ደወልን፤ እሷ የራሷን ማሽን ከዋናነት አወጣች፣ እኛ የእሱን አስመዘገብን። ጠቅላላው ሥራ አሥር ደቂቃ፣ መንገዱ ሙሉ ቀን። አሁን መካነ ሰላም ላይ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይከፍታል። የማይከፍተው የእሷ ነው፤ ግን እሷ ያለችበት ከተማ ኔትወርክ አይጠፋም።